ከጭላሎ የወረደች አጋዘን

ሐመልማል አሰላ ከተማ ውስጥ የሥዕል መምህርት ናት። በሰም የሠራቻት አጋዘን ዓይንም ጆሮም አልነበራትም፤ ቀንድ፣ አንገትና ጀርባ ብቻ ሆና በአንድ መስመር ተጠማዝዛ ትወርዳለች። በነሐስ እንዲሠሩላት ይዛት ስትሄድ ነሐስ አቅላጩ ጋሽ ይስሃቅ ግራ ገባቸው።

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው ደወልና መስቀል ነው። ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

"አጋዘን ናት፣ ጋሼ።"

"አጋዘንንማ ጭላሎ ሥር ተወልጄ አላጣትም!" ብለው ሳቁ። እምቢ ግን አላሏትም።

ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለቴም ከሸፈባቸው። መጀመሪያ ሰሙን የሸፈኑበት ጭቃ እርጥበት ይዞ ኖሮ እሳት ሲነካው ተሰነጠቀ፤ ቀጥሎ ነሐሱ ቀንዱ ጫፍ ሳይደርስ ረጋ። ሐመልማል አጋዘኗን እንደ አዲስ በሰም ሠራች፤ ጭቃውንም ሦስት ሳምንት ሙሉ አደረቀችው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ከጭቃው ውስጥ ወጣ። ጋሽ ይስሃቅም ሰሙ በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠውን ነሐስ ሳያቋርጡ አፈሰሱበት። ሲበርድ ጭቃውን በመዶሻ ቀስ እያሉ ሰበሩት። ቀንዱ እስከ ጫፉ ሙሉ ሆኖ ብቅ አለ፤ አንገቱና ጀርባውም ተከተሉ።

ሐመልማል እልል ልትል ስትል ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ከለከሏት። ትንፋሻቸውን ውጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ።

"ቀስ በይ" አሉ በሹክሹክታ፣ "ትደነብራለች።"

ይህን ስትሰማ ሐመልማል ራሷን መቆጣጠር አቃታት። እልልታዋ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ግቢ ጠራው።