የእትዬ ሬዲዮ አሥራ ስምንት ደረጃ

እትዬ ሬዲዮን የማያውቅ የሰፈር ሰው ካለ ገና ያልተወለደው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ነች። ሠላሳ ዓመት ፎቅ ላይ፣ መንገዱን ቁልቁል በሚያይ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ እጇ ይሰፋል፣ ዓይኗ ይለቅማል፣ አፏ ያከፋፍላል። ባልና ሚስት መጣላታቸውን ራሳቸው ሳያውቁት እሷ ታውቀው ነበር።

ታዲያ ሠላሳ ዓመት መጎንበስ የዋዛ ነው? ወገቧ ከዳት። አከርካሪዋን ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ልጇም ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻትና መስኮቱ ግድግዳ በሚያይ ክፍል አስተኛቻት። ግድግዳ! ግድግዳ ደግሞ ምን ወሬ አለው?

"ቤቴ መልሱኝ" ብላ ነዘነዘች።

"የፎቅሽን አሥራ ስምንት ደረጃ ማንም ሳይደግፍሽ ከወጣሽ ትመለሻለሽ" አለች ልጇ። "ካልሆነ የኪራይ ክፍሉን በወሩ መጨረሻ እንለቃለን፣ እዚሁ ከኔ ጋር ነሽ።" ክፉ አስባ አይደለም፣ ፈርታ ነው።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራት ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነች፤ እጇ ግን ብረት። በመጀመሪያው ቀን ሕጓን ተናገረች፦ "ወገብ መጠምዘዝ የለም፣ ማጎንበስ የለም፣ እትዬ። መዞር ሲፈልጉ በእግርዎ ቀስ እያሉ፣ ሙሉ ሰውነትዎን ይዘው ይዙሩ። እንደ ቁም ሳጥን።"

"ቁም ሳጥን እንኳ በሩ ይከፈታል እኮ!"

ፊዚዮዋ አልሳቀችም።

አንድ ቀን በሕክምናው ክፍል፣ በሁለት ብረቶች መሃል እግሯን እየጎተተች፣ ላቧ ጠብ እያለ ስትሄድ፣ ከኋላዋ ሁለት በሽተኞች ማንሾካሾክ ጀመሩ። "ባልየው እኮ ሥራ አይደለም የሚሄደው..." እትዬ ሬዲዮ ሳታስበው ጥምዝዝ አለች። ወገቧን መብረቅ መታት! ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋለች። የባልየውንም ነገር ሳትሰማው ቀረች፤ ከሕመሙ ይልቅ ያቃጠላት እሱ ነው።

"ጆሮዎ ወገብዎን ሊገድለው ነው" አለቻት ፊዚዮዋ።

ያቺ አባባል ልቧ ገባች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እንደ ግንድ በጎን ትንከባለላለች፣ እግሯን ታወርዳለች፣ በእጇ ገፍታ ትነሳለች። ከወንበር አሥር ጊዜ ብድግ፣ አሥር ጊዜ ቁጭ። የግራ እግሯ ሲለግም "አንተ ሰነፍ፣ ማን ተሸክሞ እንዲያደርስህ ነው?" ትለዋለች። በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ እንደ ቁም ሳጥን መዞር ትለማመዳለች። ልጇ ከበሩ ሥር እያየች እንባዋን ትጠርጋለች፣ "ዓይንሽ ምን ሆነ?" ስትባል "ሽንኩርት" ትላለች።

የቁርጡ ቀን መጣና ወደ ፎቋ ደረጃ ወሰዷት። ፊዚዮዋ ከላይ ቆመች፣ ልጇ ከኋላ። የደረጃውን ብረት መያዝ ይቻላል፣ ሰው መያዝ ግን የለም።

አንድ። ሁለት። ሰባተኛው ላይ ትንፋሿ አጠረ። አሥራ ሁለተኛው ላይ የግራ እግሯ ተንቀጠቀጠ። ይሄኔ ከፎቁ ሥር የምትነግደው አትክልት ሻጭ፣ እትዬ ሬዲዮ ስትቆጥር ሰማቻት።

"እትዬ ሬዲዮ! መጣሽልን? የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ተመለሰች እኮ! ከማን ጋር እንደሆነ ብነግርሽ ትወድቂያለሽ!"

እትዬ ሬዲዮን አንገቷን አሳከካት፣ ወገቧም "ዙሪ፣ ዙሪ" አላት። ብረቱን ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

"አፍሽን ያዢ አንቺ!" ብላ ጮኸች። "ደረጃ ላይ ነኝ!"

እትዬ ሬዲዮ በሕይወቷ ወሬ አስቁማ አታውቅም ነበር። ሰፈሩ ዛሬም ድረስ ያወራዋል።

አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። አሥራ ስድስተኛው ላይ ልጇ እጇን ልትዘረጋ አለች፤ እትዬ ሬዲዮ ሳትዞር "እንዳትነኪኝ" አለቻት። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት!

ሳታርፍ ወደ መስኮቷ ሄደች። እንደ ቁም ሳጥን፣ በእግሯ ቀስ እያለች ዞረችና ከፈተችው። ማጎንበስ ክልክል ነውና ቀጥ ብላ፣ እንደ ንግሥት ቆመች።

"በይ አሁን ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ! ከማን ጋር?"

ልትሄድ ቦርሳዋን አንስታ የነበረችው ፊዚዮ፣ መልሳ አስቀመጠችው።