ሦስተኛው አፈሙዝ

እሁድ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳሎኑ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ የሟች ባል፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ አክስታቸው፣ የጎረቤቱ አናጢ እና የተኩስ ሜዳው ዘበኛ። ቀብሩ አርብ ነበር። ሌሎቹ ለቀስተኞች ምሳ ሰዓት ላይ ወጥተዋል። በውሰት የመጡት ወንበሮች ግን እንደተደረደሩ ናቸው።

«ብረት አይደለም እንዴ?» አለ አናጢው። «ብረት ደግሞ በምን ያልቃል? የእኔ መዶሻ አባቴን ቀብሮ እኔንም ሊቀብር ነው።»

«በመዶሻህ ውስጥ እሳት አያልፍም» አለ ዘበኛው። «የጠመንጃ አፈሙዝ በተተኮሰ ቁጥር እሳት ይጠጣል። መጀመሪያ የሚበላው ጉሮሮው ነው፤ ጥይቱ ተነስቶ ወደ ረጅሙ ብረት የሚገባበት ቦታ። ከውጭ ስታየው አዲስ ነው። ውስጡ ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።»

«ታዲያ ስንት ጥይት ይችላል?»

«እንደ ሰዉ ነው። በእኛ ጠመንጃዎች አምስት ሺህ ያህል። እያቀዘቀዘ ለሚተኩስ ስድስት ሺህም ይሄዳል። እያከታተለ ለሚያንጣጣ ደግሞ ሦስት ሺህም ሳይሞላ ዒላማውን መሳት ይጀምራል። ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ያስተማረችኝ ሐኪሟ ናት።»

ሐኪሟ የሚሏት ሟችን ነበር። የተኩስ ክበቡ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበረች። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ እየጠበቀች ሳለ ወደቀች፤ ሆስፒታል ስትደርስ ልቧ ቆሟል።

«ለቅሶ ቤት ነው የመጣችሁት ወይስ ተኩስ ሜዳ?» አሉ አክስት። «ይልቅ ሻይ ጠጡ።»

ለሁሉም እስከ አፉ ሞሉ። ወንድምየው ብርጭቆውን ሲያነሳ ሻዩ ተርፎ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

«ያቃጥላል» አለና መልሶ አስቀመጠው።

«ሻይ ነዋ፤ በረዶ ላቅርብልህ? እህትህ ደግሞ ለአንተ ግማሽ ግማሽ ነበር የምትቀዳው። ሻይ ሰስታ ነው?»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። እሱም ፈገግ አለ።

በክበቡ ስሙ ድንጋዩ ነው። በደረቱ ተኝቶ ሲያነጣጥር ዝንብ ጉንጩ ላይ ብታርፍ እንኳ ስለማይነቃነቅ ያወጡለት ስም ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት ሆኗል። ከአርብ ጀምሮ አንድ ነገር እያሰበ፣ በማሰቡም እያፈረ ተቀምጧል። ከመሞቷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጠመንጃውን ለእህቱ ሰጥቷት ነበር፤ ሦስተኛው አፈሙዝ አልቋልና ቀይሪልኝ ብሎ። የቡድን ምርጫው የፊታችን እሁድ ነው። ስድስት ሰው ይመረጣል። በእሱ ዕድሜ ከዚህ በኋላ ሌላ ምርጫ አይኖርም። ቀይራዋለች ወይስ አልቀየረችም? ይህን ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ማንን ይጠይቃል?

«ይኸው ድንጋዩ በሁለት ዓመት ሁለት አፈሙዝ ጨርሶ ሦስተኛውን ይዟል» አለ ዘበኛው ለአናጢው። «ጠመንጃውን ይተኩሰው ይብላው አላውቅም።»

አናጢው ሳቁን በመሐረብ ሸፈነ። የሟች ባል ግን አልሳቀም። መስኮቱን እያየ ነበር።

እናታቸው ስትሞት ሟች አሥራ ዘጠኝ፣ ድንጋዩ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ብረታ ብረት ቤት ብረት እየሞረደች አሳደገችው። እታለም ነበር የሚላት። በኋላ ክበቡ ቀጠራትና ከሜዳው ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጣት። እዚያ ጠረጴዛ፣ ማሽን፣ በሽቦ ጫፍ ላይ የታሰረች ትንሽ መብራትና አንድ በርጩማ ነበራት። መብራቷን አፈሙዙ ውስጥ አስገብታ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች። አይታ ሳትጨርስ አትናገርም። ከጨረሰች በኋላ ደግሞ ለማንም ብላ አታለሳልስም። አንድ ጊዜ የክበቡ ሊቀ መንበር አፈሙዜ አልቋል ብሎ መጥቶ፣ «አፈሙዙ ደህና ነው፤ መነጽርዎን ይቀይሩ» ብላ መልሳዋለች። ሰውየው ሁለት ወር ኩርፊያ ላይ ከረመ። ከዚያ መነጽሩን ቀየረ።

ከሁለት ዓመት በፊት የድንጋዩ ዒላማ መበተን ጀመረ። ድሮ የአሥር ጥይቱን ቀዳዳ አንድ የኮት ቁልፍ ይሸፍነው ነበር፤ አሁን መዳፍ ያስፈልጋል። ሌላ ተኳሽ እንዲህ ሲገጥመው መጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎ ነፋሱን፣ ቀጥሎ ጥይቱን ይጠረጥራል። አፈሙዙ መጨረሻ ላይ ነው። ድንጋዩ ከመጨረሻው ጀመረ።

እህቱ ያን ቀን ከወትሮው ይልቅ ብዙ ቆየች። መብራቷን አወጣች፣ ጠረገችው፣ እንደገና አስገባችው።

«ስንት ተኩሰህበታል?»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ ገደማ። ቶሎ ነው አይደል?»

ጨርቅ አንስታ እጇን እየጠረገች፣ «በቃ፣ ጉሮሮው ተበልቷል። እቀይርልሃለሁ» አለችው። ወደ እሱ አላየችም።

ከላዩ ላይ ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው። በአዲሱ አፈሙዝ አንድ ወር ጥሩ ተኮሰ። ከዚያ ዒላማው ተበተነ። በዓመቱም እንዲሁ አለችው፤ ቀየረችለት፤ አንድ ወር ጥሩ ተኮሰ፤ ተበተነ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ነርስ መጣች። ከአዳር ሥራ መውጣቷ ነበር፤ ነጭ ጫማዋን አልቀየረችም። የክበቡ ተኳሽ ናት፤ አምና በውድድር ድንጋዩን የበለጠችው እሷ ናት። ከባልየው ጋር ትንሽ ተቀምጣ ወደ ድንጋዩ ወንበሯን አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ቦታው አይደለም፤ ግን ሳላመሰግንህ ቀርቻለሁ።»

«ለምኑ?»

«ለአፈሙዙ ነዋ።»

ወደ እሷ ዞረ።

«የእኔ ሲያልቅ ክበቡ ትርፍ የለም አለኝ። እሷ ናት ያንተን የገጠመችልኝ። የወንድሜ ነው፣ ገና ግማሽ ዕድሜውን አልተኮሰበትም አለችኝ። አንተ የፈቀድክ መስሎኝ...» ፊቱን አይታ አቆመች። «አልነገረችህም እንዴ?»

«ነግራኛለች» አለ ድንጋዩ። «እኔ ነኝ የፈቀድኩት።»

«እንዴት ያለ አፈሙዝ ነው መሰለህ! እስከ አሁን ንቅንቅ አላለም።»

«አምና በስንት ነው የበለጥሽኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አሁን ይሄ...»

«በስንት?»

«በአሥራ አንድ ነጥብ።»

«በዚያው አፈሙዝ?»

«በዚያው።»

ራሱን ነቀነቀ። ሻይ መጣላት፤ ጠጥታ፣ ባልየውን «ያጥናዎት» ብላ ወጣች።

ባልየው ልብስ ሰፊ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሚስቱ የምትናገረው ለሁለቱም ይበቃ ነበር። ድንጋዩ ወደ ጓዳ ተከትሎት ገባ።

«ጋሼ፣ የክፍሏን ቁልፍ ስጠኝ።»

ሰውየው ለምን ብሎ አልጠየቀም። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። «አብረን እንሂድ» አለ።

ክፍሏ የማሽን ዘይት ይሸታል። ሽርጧ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። በርጩማው ላይ ያነጠፈችው አሮጌ ሹራብ የተቀመጠችበትን ቅርጽ ይዟል። መደርደሪያው ላይ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አለ። በክር ወረቀት ታስሮበታል፤ ጽሑፉ የእሷ ነው። «የወንድሜ፣ ሁለተኛው። 2,100 ጥይት። ጤነኛ።»

የእሱ ጠመንጃ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አፈሙዙ አልተቀየረም። ከምላጩ ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት ያዘው፤ ወረቀቱ እጁ ላይ አልረጋ ስላለው ማንበብ አልቻለም። ክሩን ፈትቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አነበበ።

«ሦስተኛው። 1,900 ጥይት። ጤነኛ። አይቀየርም። እሁድ እነግረዋለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። እሁድ ትናንት ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አለ ዞር ሳይል።

«እጅህን ነው? አዎ።» ባልየው በሩ ላይ እንደቆመ ነበር። «መጀመሪያ እሷ አየች። ለምን አትነግሪውም አልኳት። እሱን ከማማ ብረቱን ባማው ይሻላል፣ ብረት አይከፋውም አለችኝ።»

«አንድም ሰው ዋሽታ አታውቅም።»

«አንተን ብቻ።»

«አሁንስ ምን ታያት?»

«ምርጫው ነዋ። ሰው ሁሉ ፊት ከሚያየው ከእኔ ቢሰማው ይሻላል ስትል ነበር ሳምንቱን ሙሉ። ሐኪም ቤትም ልትወስድህ አስባ ነበር። እንዴት ብዬ ልጀምርለት እያለች ሌሊቱን ትገላበጥ ነበር። እኔ ደግሞ እንቅልፌን ተኛሁ።»

ድንጋዩ የሽቦዋን መብራት አበራ። በርጩማዋ ላይ አልተቀመጠም፤ ጎንበስ ብሎ ሦስተኛውን አፈሙዝ በጉሮሮው በኩል አየው። ውስጡ የተቀረጸው ጥምዝምዝ መስመር እስከ ጫፉ ድረስ ንጹሕ ነው። አንድም ስንጥቅ የለም። መብራቱን አጠፋ፣ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እንሂድ» አለ። «አክስቴ ብቻቸውን ናቸው።»

ሲመለሱ አናጢውና ዘበኛው መጥተዋል። ዘበኛው ስለ ጥይት ዝገት እየተናገረ ነበር፤ ሲገቡ አቆመ። አክስት ማንቆርቆሪያውን አንስተው ወደ ድንጋዩ መጡ።

«ግማሽ ያድርጉልኝ» አላቸው።

«ምነው? ሻዩ ሞልቷል እኮ።»

«ግማሽ ነው የምጠጣው።»

አክስት ፊቱን አዩት። እስከ ወገቡ ቀዱለት። ድንጋዩ ሰዎቹ እያዩት ብርጭቆውን አነሳ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሻዩም ውስጥ ለውስጥ ወዲያና ወዲህ አለ፤ አልፈሰሰም። ጠጥቶ ጨረሰውና ደረቁ ማስቀመጫ ላይ መለሰው።

ረቡዕ ዕለት ስሙን ከምርጫው ዝርዝር አስወጣ፤ በጨርቅ የተጠቀለለውንም አፈሙዝ ለነርሷ ወስዶ ሰጣት። እሁድ ምርጫው ተካሄደ። ነርሷ ሁለተኛ ወጣች።