ከነልጣጩ

ይታየውን በስሙ የሚጠራው የነፍስ አባቱ ብቻ ነው። የቀረው የጋይንቷ አርብ ገበያ ሰው «ከነልጣጩ» ይለዋል።

ስሙ የወጣለት በጎረምሳነቱ ነው። ከጎረቤቱ ከጌታነህ ጋር በግ ሊሸጡ መካነ ኢየሱስ ከተማ ድረስ ሄደው፣ አንዲት ሴት ሙዝ ስትሸጥ አገኙ። ሁለቱም ሙዝ አይተው አያውቁም። ጌታነህ «ቅመስ እስቲ» አለው። ይታየው ከጫፉ ጀምሮ እስከ ቂጡ አላምጦ ዋጠው። አፉን ቢይዘውም እንዳያፍር ብሎ «ደግ ነው» አለ። ጌታነህ የራሱን በእጁ እንደያዘ የሻጪቱን ሳቅ ሰማ፣ ሌላ ገዢ ሲልጥ አየ፣ ከዚያ ልጦ በላ። ወደ አገራቸውም ቀድሞ ገብቶ ወሬውን ዘራው።

ይታየውን ዛሬም የሚያንገበግበው ሙዙ አይደለም። ጌታነህም እኮ አያውቅም ነበር! ብልጫው መቆየቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይታየው ሳይልጥ የሚበላው ነገር የለም። ቲማቲም ይልጣል። የሽንብራ ቆሎ በመዳፉ እያሸ ይልጣል። ሚስቱ ዓለሚቱ «ውሃውንስ ምነው ሳትልጠው ጠጣህ?» ትለዋለች።

አሁን ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። መካነ ኢየሱስ ነርስ ሆና የምትሠራው ልጁ አዜብ ልትታጭ ነው፤ የወንዱ ልጅ አባት አያ ወልደማርያም ከስማዳ ሽማግሎች ይዘው ይመጣሉ። ያ ስም በእነሱ ፊት አንዴ ከተጠራ ልጅቱ «የከነልጣጩ ልጅ» ተብላ ትዳር ልትይዝ ነው።

«ጌታነህን አልጠራም» አለ።

«ጎረቤት ሳይቀመጥ ልጅ ይሰጣል? ሰው ምን ይላል?» አለች ዓለሚቱ።

«ሰው የሚለውንማ ይህን ሁሉ ዘመን ሰማሁት።»

ቢሆንም ጌታነህ ተጠራ።

ሽማግሎቹ የሚመጡት ረቡዕ ነው፤ ጾም። አዜብ ከከተማ የተማረችውን፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በዘይት የተጠበሰ፣ ሆዱ ምስር የሆነ ነገር ሠርታ አንድ ሳፋ ሞላች።

«ሳምቡሳ ይባላል አባዬ። አበላሉን ልንገርህ?»

«አንቺ ነሽ እኔን አበላል የምታስተምሪኝ? አውቀዋለሁ» አላት። እሷም ወደ ሳፋዋ ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ማዕድ ሲቀርብ፣ እጮኛ ሽማግሌ ፊት አትወጣምና አዜብ ከመጋረጃው ኋላ ከእናቷ ጋር ቆማለች። የሳምቡሳው ትሪ መሐል ተቀመጠ። አያ ወልደማርያም ትሪውን አዩት፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«ባለቤቱ ይጀምርልን» አሉ።

ጌታነህ ከጥግ ጢሙን ዳበሰና ለወጉ በስሙ ጠራው። «እውነት ነው፣ ይታየው ያሳየን። ቅምሻ እንደሆነ ድሮም የእሱ ነው።»

ይታየው ላብ አጠመቀው። አንዱን አነሳ፣ አገላበጠ፣ ጠርዙን በጥፍሩ ፈለቀቀ። ቅርፊቱን ልጦ ልጦ ከትሪው ዳር አኖረና ምስሯን ብቻ ጎረሰ። ከመጋረጃው ኋላ አዜብ ነጠላዋን ነከሰች።

አያ ወልደማርያም እፎይ አሉና እሳቸውም ላጡ። አብረዋቸው የመጡት ላጡ። አንደኛው ቸኩሎ ገምጦ ኖሮ፣ የገመጠውን ቀስ ብሎ ወደ ጉንጩ ሸሽጎ የቀረውን መላጥ ጀመረ።

የጌታነህ ዓይን በራ። ሳምቡሳን ከገበያው ሻይ ቤት አሳምሮ ያውቀዋል። ሁሉም እንዲያየው አንዱን ብድግ አድርጎ ቆርጠም አደረገው። ከዚያ ሊናገር ሲል አያ ወልደማርያም ጉልበቱን በሐዘኔታ ያዝ አደረጉት።

«ምነው ልጄ፣ ከነልጣጩ?»

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ሰው ትን አለው።

«ኧረ አያ ወልደማርያም፣ ይሄ እኮ የሚበላው...»

«ግድ የለም፣ አትፈር። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ። ረጋ ብለህ ላጠው፤ ልጣጭ ሆድ ይነፋል።»

ጌታነህ ዙሪያውን ቃኘ። የልጣጭ ክምር በየሰው ፊት ተቀምጧል። ለጋብቻ የመጣን ሽማግሌ በማዕድ ላይ «ተሳስተዋል» የሚል አፍ በጋይንት አልተፈጠረም። የያዘውን ዋጠ፤ ሁለተኛውን አነሳና አንገቱን ደፍቶ ላጠ።

«አይፍረዱበት» አለ ይታየው በለሆሳስ። «አላደገበትም።»

አያ ወልደማርያም ሲወጡ «ወግ ያለው ቤት ነው» ብለው መረቁ፤ ቀንም ተቆረጠ። በር ላይ ሲሰነባበቱ ጌታነህን አቀፉትና «አይዞህ፣ ከነልጣጩ» አሉት። የጌታነህን ስም ገና አልያዙትም ነበር። አብረዋቸው የነበሩት ግን ይህኛውን ያዙት።

ይታየው ሲመለስ ሚስቱና ልጁ የልጣጩን ክምር መሐላቸው አድርገው፣ እየሳቁ ይቆረጥማሉ።

«ጣፋጩን ለእኛ ተዋችሁልን፣ አባዬ።»

ይታየው ወደ በሩ ዞሮ አየ።

«ጌታነህ ሄዷል?»

«ሄዷል፣ ብላ» አለችው ዓለሚቱ።

አንድ አነሳ፤ ቆረጠመ።

«ደግ ነው» አለ። በዚህኛው ግን አልዋሸም።