በምላጭ የተፋቀው ቁጥር

ኃይለየሱስ ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት ድራፍትማን ነበር፤ በመጨረሻም የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ሆኗል። ኮምፒዩተር ሳይመጣ በፊት ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሰዎች በስምንት ዘንበል ያሉ ጠረጴዛዎች ላይ ጎንበስ ብለው፣ የትምህርት ቤቱን፣ የክሊኒኩንና የድልድዩን ፕላን በእጃቸው ይሠሩ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ዲና ደወለችለት። ዲና የዚያው መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ናት።

“ጋሼ፣ ዕቃ ቤት ያሉትን የድሮ ፕላኖች ስካን እያደረግን ነው። ግማሾቹን የት እንደተሠሩ እንኳን የሚያውቅ የለም። መጥተህ ብታይልን?”

ደስ ብሎት ሄደ። ሦስት ቀን አብረው ሠሩ። ላብ ወረቀቱን እንዳያሳብጠው አንጓቸው ላይ መሐረብ ያስሩ እንደነበር፣ ቀለም የተሳሳተ እንደሆነ በምላጭ ፍቀው በጥፍር እንደሚያለሰልሱት፣ የኮፒ ማሽኑ አሞኒያ ዓይናቸውን እንዴት ያስለቅሳቸው እንደነበር እያጫወታት ትስቃለች።

በአራተኛው ቀን ዲና ከሌላ ፕላን ጋር ተጠቅልሎ የተገኘ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መልካ ጀብዱ ካለ የእህል መጋዘን ጀርባ አፈር የሚይዝ የግንብ ፕላን ነው። ኃይለየሱስ ርዕሱን ሳያነብ አወቀው። ማንም እንዳያገኘው እዚያ ጥቅል ውስጥ የከተተው እሱ ራሱ ነው።

“የሠራችው ቱሪያ ትባላለች” አለች ዲና። “ግን ይሄን እይ፣ ተፍቋል።” ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳችው። የመሠረቱ ጥልቀት የተጻፈበት ቦታ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። “1.10 ይላል። ሁለቱ አንዶች ግን አይመሳሰሉም። የመጀመሪያዋ ከላይ መንጠቆ አላት፤ ያንተ ናት። ሦስት ወር ሙሉ ፕላኖችህን ሳይ ከርሜ እንዴት ትጠፋኛለች?”

የተናገረችው እየሳቀች ነው፤ ክፉ ነገር አላሰበችም።

“የኔ አይመስለኝም” አላት። ከዚያ ራሱን እንዳመመው ነግሯት ወጣ።

ነገሩ የሆነው ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ቱሪያ በክፍሉ ውስጥ የነበረች ብቸኛዋ ሴት ናት። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ መስመሯም ከሁሉም የጠራ ነበር። ያንን ፕላን ሠርታ አስፈርማ እንደጨረሰች እናቷ ታመውባት ፈቃድ ወጣች። አርብ ከሰዓት የሳይቱ መሐንዲስ ስልክ ደወለ፤ ያነሳው ኃይለየሱስ ነበር። የግንቡን ከፍታ በአንድ ሜትር ቀንሰው ብሎ አዘዘው። ኃይለየሱስ ለጓደኛው ሠርግ ሚዜ ስለነበር የልብስ ሰፊው ቀጠሮ እያለፈበት ነበር። ምላጩን አነሳ፣ ፋቀ፣ ጻፈ። የቀነሰው ግን ከፍታውን አልነበረም፤ የመሠረቱን ጥልቀት ነበር፣ ከ2.10 ወደ 1.10። ማስተካከያውን የሠራ ሰው መፈረም ሲገባው አልፈረመም። መልሶ ያየውም ሰው አልነበረም።

ግንቡ በሁለተኛው ክረምት ተናደ። ዋበሪ የሚባለውን ዘበኛ ድንጋዩ ተጭኖት አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። በስልክ ያዘዘው መሐንዲስ ግንቡ ሳይጀመር ተዛውሮ ሄዶ ነበር። ኃይለየሱስ ወሬውን በሰማ ዕለት ዋናውን ፕላን ፈልጎ አየው። የራሱን “1” አየ። ወረቀቱን ጠቅልሎ ደበቀው።

የያኔው የክፍሉ ኃላፊ አቶ ኒቆዲሞስ የደበዘዘ ኮፒ ይዘው ሁለቱንም አስጠሯቸው።

“ከቱሪያ ሌላ ይሄን ፕላን የነካው ሰው አለ?”

“አላውቅም” አለ ኃይለየሱስ።

ቱሪያ ኮፒውን ለረጅም ጊዜ አየችው። “2.10 ብዬ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር” አለች። መስሎኝ ማለቷ በቃ። በወሩ ተባረረች።

አሁን፣ ከዲና በተለየ ማግሥት፣ ኃይለየሱስ ቢሮ ሳይከፈት ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

“ትናንት ዋሽቼሻለሁ” አላት። ሁሉንም ነገራት። ዲና አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ ሰማችው።

“ሴትየዋ አለች?”

“አለች። ቀፊራ ገበያ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በሱቋ በኩል ላለማለፍ ስዞር ነው የኖርኩት።”

“እንግዲህ ዛሬ እለፍ” አለችው።

ቱሪያ ጨርቁ ላይ በጠመኔ እያሰመረች ነበር። ቀና ስትል መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። “ኃይሌ! አንተ ሰው፣ ለካ አለህ!” ወንበር ሳበችለት። አልተቀመጠም። ቢቀመጥ ወሬው ወደ ልጆችና ወደ ጤና ሄዶ የሚያመልጥ መሰለው። ቆሞ ነገራት።

ቱሪያ ጠመኔውን አስቀመጠች። እሱ ስድብ ጠብቆ ነበር።

“እኔ ነኝ ብዬ ነበር እኮ” አለች ቀስ ብላ። “እናቴ ታማብኝ፣ ልቤ እሷ ጋ ሆኖ እጄ ስቶ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ እጄን ማመን አቃተኝ። ሌላ ቦታ ለሥራ ጠርተውኝ ነበር፤ ሰው እገድላለሁ ብዬ ፈርቼ ቀረሁ።”

“ቱሪያ፣ ይቅር...”

“ዝም በል፣ አልጨረስኩም። ዋበሪ ጋ በየዒዱ እሄድ ነበር። ሃያ ዓመት፣ እስኪሞት ድረስ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ እያልኩ አለቅስበታለሁ፤ እሱ ምስኪን እኔን ያባብላል። ወላሂ፣ ያለቀስኩት ባንተ ፋንታ ነበር።”

ኃይለየሱስ እንባው መጣ። ቱሪያ አየችና ተቆጣች። “እዚህ አታልቅስብኝ። ጻፍልኝ።” ከደብተር ወረቀት ገንጥላ እስክሪብቶ አቀበለችው።

“በፕላኑ ላይ በተፈጠረ ስህተት” ብሎ ጀመረ። በትከሻው በኩል አነበበችው። “ማን ፈጠረው?” ወረቀቱን ነጥቃ ቀደደችው። ሁለተኛውን “ሳላውቅ ቀንሼ” ብሎ ጻፈው። “ስትቀንሰው አላወቅክም፤ ስትደብቀውስ?” ያንንም ቀደደችው። በሦስተኛው፣ “የቀነስኩት እኔ ነኝ፤ ካወቅሁ በኋላ ፕላኑን ደብቄያለሁ፤ ስጠየቅ ዋሽቻለሁ፤ ቱሪያ ጥፋት የለባትም” ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። ቱሪያ ወረቀቱን አጣጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

“ሐሙስ ኢድል ጋ እንሄዳለን። የዋበሪ ልጅ ናት። ራስህ ትነግራታለህ።”

ሐሙስ በባጃጅ መልካ ጀብዱ ሄዱ። ኢድል አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ አጥሯ ሥር አትክልት የምትሸጥ ሴት ናት። ቱሪያን አቅፋ ሳመቻት። ኃይለየሱስ ሲነግራት ቲማቲም መደርደሯን ትታ ሰማችው።

“አባቴ ሲሞት ስምህን አያውቅም ነበር” አለችው። “እሱን ወክዬ አውፍ ልልህ አልችልም። የራሴን ደግሞ ገና አላሰብኩበትም።”

ቱሪያን እጇን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት። እሱን ግባም ሂድም አላለችውም። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ጠበቀ፤ ሲወጡም ኢድል ቀና ብላ አላየችውም።

ቱሪያ ደብዳቤውን ራሷ ወስዳ ለዲና ሰጠቻት። ዲናም ኮፒውን ከፕላኑ ጋር አያይዛ፣ ዋናውን ለአለቆቿ አቀረበች። እነሱ ገና መልስ አልሰጡም። የቀሩትን ፕላኖች አሁን ዲና የምትለየው ከቱሪያ ጋር ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ሱቋን ዘግታ ትሄዳለች። ኃይለየሱስን ከዚያ ወዲህ የጠራው የለም። ልመለስ ወይ ብሎም አልጠየቀም።

አሁን ወደ ገበያ ሲወርድ በቱሪያ ሱቅ በኩል ያልፋል፤ ሰላም ይላታል። እሷም ከጨርቁ ላይ ቀና ሳትል ሰላምታውን ትመልሳለች። ቁም አላለችውም፤ እሱም አይቆምም።