ሁለተኛ ክፍል አላይም ያለው ሶፋ ሰሪ

ሶፋ ሰሪው በሁለት ነገር አይደራደርም፤ አንዱ የስፖንጅ ጥራት፣ ሌላው የፊልም ሁለተኛ ክፍል። በስፖንጁ ደንበኞቹ ያመሰግኑታል። የፊልሙን ወሬ ሲጀምር ግን የሰማ ሁሉ ሰዓቱን እያየ «እንግዲህ ልሂድ» ብሎ ከወርክሾፑ ውልቅ ይላል።

«ታሪክ ካለቀ አለቀ ነው» ይላል፣ የአሮጌ ወንበር ጨርቅ በጉጠት እየገሸለጠ። «የመጀመሪያውን ክፍል የሠራው ሰው የሚናገረው ነገር ነበረው። ሁለተኛውን የሚሠራው ግን ጣሪያ ያላለበሰው ቤት ስላለ ነው። ገደል ገብቶ አልቅሰን የቀበርነውን ሰውዬ መንትያ ወንድም ነበረው ብለው፣ ፂም ለጥፈው ያመጡልናል። እንባዬን መልሱልኛ!»

ይህን ሁሉ የሚሰማው ሽርካው ነው። ሽርካውን ሚስማር ይሉታል። ቀጭን ሆኖ አይደለም፤ ስቴፕለር በሞላበት ዘመን እንኳ ሚስማር በከንፈሩ ደርድሮ የሚሠራ የድሮ ሰው ስለሆነ ነው። አፉ ሚስማር እንደያዘ ይውላል። ስለዚህ አይከራከርም፣ ሰው አያማም፣ ምስጢር አያወጣም። የሰፈሩ ሰው ሶፋ ሰሪውን በሌለበት «ክፍል አንድ» እያለ ይጠራዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ እስከ ዛሬ አልሰማም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ መንትያው አይደለም፤ የተቀየረ ተዋናይ ነው። «የመጀመሪያው ተዋናይ የለም። በቦታው ሌላ ሰው ያመጣሉ። ፊቱ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ቁመቱ ሌላ። ሚስትየው ምንም እንዳልተፈጠረ ምሳ ታቀርብለታለች። ተመልካች ግን ሞኝ አይደለም። በዚያ ሰውዬ ፊት ላይ ሁልጊዜ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው!»

እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሻክራል፣ ጉጠቱም ጨርቁን ያላግባብ ይቀደዋል። ሚስማር ቀና ብሎ ያየውና ወደ ሥራው ይመለሳል። ሶፋ ሰሪው የሚስቱ ሁለተኛ ባል መሆኑን ሚስማር ያውቃል።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። የመጀመሪያ ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ በድንገተኛ ሕመም ነው የሞተው። ደግ ሰው እንደነበር ሁሉም ይመሰክራል፤ ሶፋ ሰሪውን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። በሕይወት ያለ ባላንጣ ቢሆን ያረጃል፣ ይወፍራል፣ አንድ ቀን ሰክሮ ይዋረዳል። ሟች ግን አንድም ቀን አያጠፋም። ደግሞ በቤቱ ያለውን የመብራት ማብሪያ ሁሉ የገጠመው ያ ሰውዬ ነው። ሶፋ ሰሪው ወደ ቤት በገባ ቁጥር፣ ያንን ማብሪያ ሲጫን፣ የሟቹን ጣት የነካ ይመስለዋል። አንዱ እንኳ በተበላሸና «እኔ ልቀይረው» ባልኩ እያለ ስንት ዓመት ጠበቀ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው የማይበላሽ ማብሪያ የሚገጥም?

ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይባላል። ሶፋ ሰሪው ነቀዝ የገባው እንጨት ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከላይ ቀለም፣ ከውስጥ ዱቄት።

እንዲህ ሆኖ እየኖረ ሳለ የሚስቱ ታናሽ እህት አንድ ቀን እያለከለከች መጣች። «እትዬ፣ ሰማሽ? የአውቶብሱ ድራማ እንደገና ሊጀምር ነው! ከነሾፌሩ፣ ከነትኬት ቆራጯ!»

ድራማው የአንድ አውቶብስና የተሳፋሪዎቹ ታሪክ ነው። ያለቀው ከብዙ ዓመት በፊት ነበር፤ ሾፌሩ ቁልፉን አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ። ሚስትየው እጇን አፏ ላይ ጭና እንደ ሕፃን ዘለለች። እህትየዋም ቀጠለች፤ «ወይኔ! ያ ምስኪን ሟች ይህን ሳያይ ቀረ። ትዝ ይልሻል፣ ሁለታችሁ እዚህ ሶፋ ላይ ሆናችሁ አንድም ሳምንት ሳታስቀሩ!» ከዚያ ሶፋ ሰሪው መኖሩ ትዝ አላትና «ጋሼ፣ አንተም ታየዋለህ አይደል?» አለችው።

«ሁለተኛ ክፍል አላይም» አለ ሶፋ ሰሪው።

የሚስቱ ፊት ጥቁር አለ። ዘወር ብላ ወደ ማድቤት ገባች። ለእሱ ግን የገባው ሌላ ነው። «ከሟቹ ጋር ያሳለፈችው ጊዜ ትዝ ብሏት ሆዷ ባባ» ሲል አሰበ።

በዚያ ላይ ያ ሶፋ አለ። ባለ ሁለት መቀመጫ ነው፤ ዳንቴል ለብሶ ሳሎኑ መሀል ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሶፋ ሰሪው ተጋብተው ወደዚህ ቤት በገባበት በመጀመሪያው ቀን፣ በቀኙ በኩል ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል፣ ይህችው እህቷ ሳታስበው «ያ የሱ ቦታ ነበር» አለች። ቀና አለ። በማግስቱ በገዛ እጁ የሠራውን ነጠላ ወንበር ከወርክሾፑ አምጥቶ ከሶፋው ቀኝ ጎን አጠገብ አስቀመጠና እሱ ላይ ሆነ ኑሮው። ሚስቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሶፋውን ግራ ጎን መታ መታ እያደረገች «ና እዚህ» ስትለው፣ «ጀርባዬን ያመኛል» ይላታል። ኋላ መጥራቱን ተወችው። የሰፈሩን ሶፋ ሁሉ ሲገለብጥና ሲፈታ የሚውል ሰው የራሱን ቤት ሶፋ በእጁ ነክቶት አያውቅም።

ዓይኑ ግን አላረፈም። ባለሙያ ነው፤ ሶፋ ሲያይ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ወፍራም፣ ማን ቁንጥንጥ እንደሆነ ይነግርሃል። በዳንቴሉ ሥር የቀኙ ጎን ጎድጉዷል፤ ግራው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። «ይህን የሚያህል ጉድጓድ በቀላሉ አይወጣም» ብሎ ፈረደ። «አንድ ወንድ በየምሽቱ፣ ለብዙ ዓመት የተቀመጠበት ነው።» ከዚህ የባሰው ደግሞ ሚስቱ ምንጊዜም የምትቀመጠው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መሆኑ ነው። ያንን የመሰለ ግራ ጎን ትታ፣ ሟቹ የተወው ጉድጓድ ውስጥ ትገባና ትደላደላለች። አጠገቧ ነጠላ ወንበሩ ላይ ሆኖ በዓይኑ ጥግ ያያታል። ይህ ናፍቆት ካልሆነ ምን ይባላል?

ድራማው በሚጀምርበት ቅዳሜ ሚስትየው ለወላጆች ስብሰባ ወደ ትምህርት ቤት ወጣች። ሶፋ ሰሪው ሁለት ተሸካሚ ጠርቶ ሶፋውን ወደ ወርክሾፑ አስወሰደ። ለእሷ የሚላትን አዘጋጅቷል፤ «ለድራማሽ ብዬ አደስኩልሽ» ሊላት ነው። በልቡ ያለው ግን ሌላ ነው። ያንን ጉድጓድ ዛሬ ነቅሎ ይጥለዋል። ከጣለው በኋላ ደግሞ የት እንደምትቀመጥ ያያል። አሁንም ወደ ቀኙ ከሄደች ቁርጡን ያውቃል፤ ያቺ ሴት የእሱ ሆና አታውቅም ማለት ነው።

ሚስማር ክር ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሶፋ ሰሪው ብቻውን ዳንቴሉን አነሳ፣ ጨርቁን ገሸለጠ። የጠበቀው ያረጀ፣ የበለዘ፣ ሲነኩት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ የሚረግፍ ስፖንጅ ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ነው። በቀኙ በኩል ያለው ነጭና ለስላሳው ርካሽ ስፖንጅ ነው፤ እሱ ራሱ ለስንቱ ደንበኛ «ይሄ ዓመት ሳይሞላው ይሰምጣል፣ አትግዙ» ያለው። በግራ በኩል ያለው ግን ለወዳጅ ካልሆነ የማያወጡት ደንዳናው ነው፤ ሰው ያልነካው፣ ጠርዙ እንኳ ያልተሸራረፈ። ዝቅ ብሎ የእንጨቱን ጠርዝ አየ። ትንንሽ ሚስማሮች፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ትንሽ ዘመም ብለው ተመትተዋል። እንዲህ የሚመታ በዚህ ሰፈር አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሚስማር ክሩን ይዞ ሲገባ የተከፈተውን ሶፋ አየና በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄ ያንተ እጅ ነው» አለው ሶፋ ሰሪው።

ሚስማር ከከንፈሩ ላይ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ እየለቀመ መዳፉ ላይ አኖረ። ይህን የሚያደርገው ምሳ ሲበላ ብቻ ነበር።

«የኔ ነው። ሠርጋችሁ ሊደርስ ሲል አስመጥታው ነው። አንተ ለሱፍህ ልትለካ የሄድክ ቀን።»

«ሳትነግረኝ?»

«አትንገረው አለችኛ! ‹ሰው የለቀቀው ጉድጓድ ውስጥ አላስቀምጠውም፣ ሁለቱንም ስፖንጅ አውጣልኝ› አለች። ያኔ ደህናው ስፖንጅ የቀረን ለአንድ ጎን ብቻ ነበር። ሌላ እስኪመጣ ታገሺ ብላት እንቢ አለች። ‹ደህናውን ለሱ አድርገው፤ ባለሙያ ነው፣ ሲቀመጥበት ያውቀዋል። ለኔ የተገኘው ይሁን› አለችኝ።»

«የቱ ነው የኔ?» አለ ሶፋ ሰሪው።

ሚስማር በአገጩ ወደ ግራው አመለከተ። «የራሷ ቦታ ነበር። በሟቹ ቦታ እንዳይቀመጥ የኔን ለሱ ልስጠውና እኔ ወደዚያ ልሂድ ብላ ነው።» ከዚያ ለአንድ ዓመት የሚበቃውን ያህል ስለተናገረ ሚስማሮቹን ወደ አፉ መለሰ።

ሶፋ ሰሪው ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ነው ለካ የኖረው። ያ የጠላው ጉድጓድ የሚስቱ ነው። እሷ ራሷ በርካሽ ስፖንጅ ላይ ተቀምጣ ያጎደጎደችው ነው። የቀኙን የክንድ ማሳረፊያ አየ፤ ጨርቁ ከፊት በኩል በአንዲት ትንሽ ክርን ልክ ሳስቷል። ወደ ነጠላ ወንበሩ ስታዘነብል፣ ወደ እሱ ስታዘነብል የኖረች ሴት ክርን ነው። ለእሱ የተሰጠው ደህናው ስፖንጅ ደግሞ ይኸው፣ አንድም ቀን ሰው አልተቀመጠበትም። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ምንም አልቀየረም። የቀኙን ጉድጓድ እንዳለ ተወው፤ ጨርቁን መልሶ ሰፋው፣ ተሸካሚዎቹንም ጠርቶ ወደ ቤት መለሰው። ነጠላ ወንበሩን ግን ከቦታው አላነሳውም።

ሚስቱ ስትመለስ ዳንቴሉ ታጥፎ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እሱም በሶፋው ግራ ጎን ተቀምጧል። ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

«ሶፋዬን ምን አደረግከው?»

«ከፈትኩት።»

«ሚስማር ነገረህ ማለት ነው።»

«ነገረኝ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አለች፤ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። «ና ተቀመጥ ስልህ ጀርባዬን ያመኛል አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማታ የምሰማው ምንድን ነው? ሁለተኛ ክፍል ከንቱ ነው፣ ያለቀ ታሪክ አይቀጠልም! ሰውዬ፣ የኔ ሁለተኛ ክፍል አንተ ነህ። ምን የምሰማ ይመስልህ ነበር? ባሏ የሞተባትን ሴት አግብቼ ተጸጸትኩ የምትለኝ ነው እኮ የሚመስለኝ!»

ያ ሁሉ ንግግር፣ ያ ሁሉ የፊልም ሊቅነት፣ በእሷ ጆሮ እንዲህ ሆኖ እንደሚገባ ሶፋ ሰሪው በሕልሙም አስቦት አያውቅም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ከየት ይለቅመዋል?

«ስለ ራሴ ነው ያወራሁት» አለ በመጨረሻ። «የተቀየረው ተዋናይ እኔ ነኝ። ተመልካቹ በኔ ፊት ላይ የመጀመሪያውን ነው የሚያየው ብዬ... ቀናሁ። በሞተ ሰው ቀናሁ። በማብሪያው ሳይቀር።»

«እና እኔ ተመልካች ነኝ?» አለች ሚስቱ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ይቃጣዋል። «እኔ ያቺ ምሳ የምታቀርበዋ ነኝ እኮ። ማንን እያበላሁ እንደሆነ የማላውቅ ይመስልሃል?»

መልስ ሳትጠብቅ ቴሌቪዥኑን ከፍታ በቀኙ በኩል፣ የራሷ ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጠች። የድሮው የአውቶብስ ዜማ ተሰማ። አውቶብሱ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ መጣ። በሩ ተከፈተና ሾፌሩ ብቅ አለ። ሌላ ሰው ነው። ፊቱ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ቁመቱ ሌላ።

ሶፋ ሰሪው ትንፋሹን ሳበ። ሚስቱ ሳትዞር «በል ተናገር፣ ትታነቃለህ» አለችው።

«ምንም» አለ። «ገና አዲስ ነው፤ ይለምደው ይሆናል።» ከዚያ ተቁነጠነጠ። «ይሄ ስፖንጅ ግን ይቆረቁራል።»

«ማን ተቀምጦበት ይለስልስ?»

እንዲህ ብላ በልማዷ ክርኗን በቀኙ ማሳረፊያ ላይ አድርጋ ወደ ነጠላ ወንበሩ አዘነበለች። ወንበሩ ባዶ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ ክርኗን አነሳች፤ ገና እንዳልለመደ ሰው ቀስ ብላ ወደ ግራ ዞረች።