የቀኙ ወንበር

ባሌ ቲጃኒ ጂማ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በካኪ ስፌትና እምቢ ባለማለት። እኔን ያንገበገበኝ ሁለተኛው ነው።

ስፌቱማ እንጀራችን ነው። አብዮቱ ሀብታም አይወድም ይባላል፤ ካኪ ግን ሲወድ! ከሂርማታ ገበያ ጀርባ ባለችው ሱቃችን ገብቶ ባለአራት ኪስ ካኪ ያልተለካ ካድሬ አልነበረም። ማን ሊሾም እንደሆነ ራዲዮ ከመናገሩ በፊት እኛ በሜትር እናውቅ ነበር።

እምቢ አለማለቱ ግን በሽታ ነው። ሰው መጥቶ "ለነገ አድርስልኝ" ሲለው "እሺ" ይላል። አሥራ አምስት ሰው "ለነገ" ቢለው ለአሥራ አምስቱም "እሺ" ይላል። በነጋታው እኔ በር ላይ ቆሜ "ታሟል" እላለሁ። ጤነኛው ባሌ በእኔ አፍ ያልታመመው በሽታ የለም፤ አስተዛዝኜ ስናገር ሎሚና ማር ይዘው የሚመጡም ነበሩ።

"አንዴ እንኳ አይሆንም በል" ስለው፣ "ኧረ ፈድሊያ፣ ሰው ፊት ለፊትሽ ቆሞ እንዴት አይሆንም ይባላል? ይሉኝታ የለም እንዴ?" ይለኛል።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ሲኞር ብሩኖ የሚባል ጣሊያን አገሩ ሊገባ ሆነ። የእንጨት መሰንጠቂያው ከተወረሰ በኋላ የቀረችለት ንብረት አንዲት መኪና ነበረች። ቲጃኒ ሱሪ በሰፋለት ቁጥር ያቺን መኪና በመስኮት እያየ ስንት መርፌ ጣቱ ላይ እንደተከለ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰውየው ሊሄድ ሲል "ከአንተ ሌላ በፍቅር የሚይዛት የለም" ብሎ ሸጠለት። ያለንን ብናራግፍ አልሞላ ስላለን የሠርግ አምባሮቼን አውጥቼ ሰጠሁ። ሞኝ ሆኜ አይደለም፤ ቃል ተገብቶልኝ ነው።

"የመጀመሪያ መንገዳችን ሊሙ ገነት ነው" አለኝ ቲጃኒ። "አንቺ ከጎኔ ተቀምጠሽ፣ እናትሽ ደጅ ድረስ።"

እናቴን ማወቅ አለባችሁ። ሽማግሌ ሲላክባት "ልጄን ለባለቡና እንጂ ለመርፌ አልድርም" ያለች ሴት ናት። አጎቶቼ ለምነዋት ሰጠች እንጂ ልቧ አልሰጠም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሊሙ በሄድኩ ቁጥር፣ ከአውቶቡስ ስወርድ ቀና ብላ ታየኝና አንድ ቃል ሳትናገር ጓዜን ትቀበለኛለች። ያ ዝምታ ነው የገደለኝ። አንድ ቀን ከባሌ ጎን፣ ከዚያች መኪና ስወርድ እንድታየኝ ፈለግሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

መኪናዋስ? ውይ! እንደ በሰለ ቡና ቀይ፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ። መሪዋ ከእንጨት፣ ወንበሮቿ ከለስላሳ ቆዳ። ሞተሯ ሲነሳ ከጆሮዬ በፊት ደረቴ ይሰማው ነበር። ሲኞር ብሩኖ እንዳለው፣ ሰው ከአገር አገር ሳይደክመው እየተዝናና እንዲሄድባት የተሠራች ናት። ወንበሯ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ለሚነዳት፣ አንዱ ለአንድ ሰው። የሠሯት ሰዎች ጎረቤት ያለው ሰው ይገዛታል ብለው አላሰቡም።

ቲጃኒ ቡርዣ እንዳይባል ፈርቶ ከላይ እስከ ታች የሚሸፍናት የካኪ ልብስ ሰፋላት። ልማድ ሆኖበት ኮሌታና አራት ኪስ አደረገለት። ግቢያችን ውስጥ ቆማ ስትታይ ለስብሰባ የመጣች ካድሬ ትመስል ነበር። የጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ ሊቀመንበር ጓድ አብተው ሊመረምራት መጣና ዙሪያዋን ዞሮ ኪሶቿን ደባብሶ "አሁን መስመር ይዛለች" አለ። በማግሥቱ የቀኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ስብሰባ ሄደ። በሣምንቱም ሄደ።

የእኔ ቀን ደረሰ። እጄን ሂና ተቀብቼ፣ አዲስ ሻሽ አስሬ፣ ለእናቴ ስኳር ይዤ ወጣሁ። ከቤት ስወጣ የቀኙ ወንበር ላይ የቲጃኒ አጎት አባቦራ ቁጭ ብለዋል። ከዘራቸው በመስኮት ወጥቷል።

"ጥርሴ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጥርሴ ገደለኝ! ሰቃ ከተማ ጥርስ የሚነቅል ሰው አለ አሉ።" ከዚያ ዞረው አዩኝ። "ፈድሊያ፣ አንቺ ሌላ ቀን ትደርሻለሽ። እናት የት ትሄዳለች?"

ቲጃኒ በሚያሳዝን ዓይን አየኝ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ሲመለሱ የአባቦራ ጥርስ እንዳለ ነው። ሰቃ ሲደርሱ ሕመሙ ጠፋ። "መኪናዋ ስትንሳፈፍ ጥርሴ ተኛ፤ ማሻአላህ" አሉ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጥርሱ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ይነሳል፤ ሰቃ ደርሶ ይተኛል። ጥርስም እንደ ገበያ ቀን አለው እንዴ ብዬ ብጠይቅ ነውረኛ ተባልኩ።

ከዚያ የጎረቤታችን የብርሃንነሽ ልጅ ፋንቱ ተዳረች። "ሙሽራ በጭነት መኪና ትሂድ?" ብላ ብርሃንነሽ ደጃችን መጥታ አለቀሰች። ቲጃኒ "እሺ" አለ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ የቀኙ ወንበር ላይ ገባች። ለሙሽራው ቦታ ስለሌለ ከአጃቢዎቹ ጋር በጭነት መኪና አቧራዋን እየጠጣ ተከተላት። ባሌ ከራቫት አስሯል። ከአዌቱ ድልድይ ጀምሮ መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ለቲጃኒ እልል አለለት፤ እሱም ደግ ሰው ነው፣ እጁን እያነሳ አመሰገነ። ፎቶ አንሺው እንኳ ተሳስቶ እንደ ሙሽሮች አነሳቸው። ፎቶው እስከ ዛሬ እነብርሃንነሽ ግድግዳ ላይ አለ፤ ፋንቱና የእኔ ባል።

እንዲህ እያለ ሰባት ወር ሄደ። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ በየወሩ የምትሰጠን ኩፖን በሰው ጥርስና በሰው ስብሰባ ታልቃለች። እኔ ወንበሩን የማውቀው ሳጸዳው ነው።

"ቲጃኒ፣ ይቺ መኪና የማን ናት?" አልኩት አንድ ቀን አንጀቴ ቅጥል ብሎ።

"የእኛ ናታ!"

"አንድ ቀን ተቀምጬባታለሁ?"

"በሚቀጥለው ሣምንት፣ ኢንሻአላህ..."

"ለማትፈጽመው ነገር የአላህን ስም አትጥራ!" ብዬ ጥዬው ወጣሁና ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። ብስጭቴን በባሌ ሱሪ ላይ እየተወጣሁ ሳለ ነው ብልጭ ያለልኝ። የቀኙን ወንበር አገር ይፈልገዋል። የግራውን ግን እስከዛሬ የጠየቀ ሰው የለም።

የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ እታገኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስባን "ያለ ሴቶች ተሳትፎ አብዮት ግቡን አይመታም!" ትል ነበር። ድምፅዋ ማይክሮፎን አይፈልግም። በዚያ ቅዳሜ እጄን አወጣሁ።

"ጓድ እታገኝ፣ መሪ መጨበጥስ ተሳትፎ ነው?"

"የተሳትፎ ቁንጮ ነው!"

"እንግዲያው ባሌ መኪና መንዳት ያስተምረኝ ዘንድ ማኅበሩ ይወስንልኝ።"

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናጋው። ጓድ እታገኝ ውሳኔውን ይዛ ቀበሌ ሄደች፤ እሷን ፊት ለፊት የሚከራከር ወንድ ገና አልተወለደምና ጓድ አብተው ፈረመ። ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ለባሌ ሲያነብለት ፊቱ የሬሳ ሣጥን የተሸከመ ይመስል ነበር። ቲጃኒ አዳመጠና "እሺ" አለ። ለአንድ ቀን እንኳ ያ በሽታው ጠቀመኝ።

ኳስ ሜዳው ላይ ተማርኩ። የገጨሁት አንድ የጎል ቋሚ ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ዘመም ያለ ነበር። ቲጃኒ በስፌት ትዕግሥቱ አስተማረኝ። "ፍሬቻ... ቀስ... ክላቹን እንደ ሐር ያዥው" ይለኛል። ሁለት ወር ቆይቶ መንጃ ፈቃዴን ተቀበልኩ።

እዚህ ላይ ነው ያልጠበቅሁት ነገር የሆነው። ሐሙስ ዕለት አባቦራ መጥተው እኔን መሪው ላይ ሲያዩ ጉንጫቸውን የያዙበትን እጅ አወረዱ።

"ማነው የሚነዳው?"

"እኔ ነኝ። ይግቡ አጎቴ፣ ጥርስዎን እናስነቅል።"

"ተሽሎኛል" አሉ። "አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሙሉ በሙሉ ተሽሎኛል።"

የአርባ ሐሙስ ጥርስ በአንድ አፍታ ዳነ። ጓድ አብተውም ቢሆን ሴት እየነዳችው በቢሮው በር ማለፍ ከበደው መሰል፣ ስብሰባው ሁሉ በእግር የሚደረስበት ሆነ። የቀኙ ወንበር ባዶውን ቀረ። ዝም ብዬ ሳቅሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ካኪዋን ገፈፍናትና ወጣን። ባሌ ከቀኜ ተቀምጧል፤ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ በአንድ እጁ የበሩን መያዣ፣ በሌላው ስኳሩን ይዟል፤ ከንፈሩ "ቢስሚላህ" ከማለት አላረፈም። ከተማውን ወጥተን መንገዱ ሲገለጥ እግሬን ጫን አደረግሁ። መኪናዋ አንዴ ጎርነን አለችና ተወነጨፈች። የቡናው ጥላ ዛፎች ከግራ ከቀኝ እየመጡ አለፉ። ነፋሱ ሻሼን ፈታው። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ቲጃኒም ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።

"ፈድሊያ" አለኝ ቆይቶ፣ "ለካ አገሩ የሚታየው ከዚህ ወንበር ነው! እኔ እስከዛሬ ጉድጓድ ብቻ ነበር የማየው።"

መንገድ ዳር ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር ይቁነጠነጣል። "አቁሚላቸው፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ደስ አይልም..."

"አቁሜ የት ላስቀምጣቸው? ጭንህ ላይ?" እለውና አልፋለሁ። መሪው እኔ ጋ ነው።

ሊሙ ገነት ልንገባ ጥቂት ሲቀረን አንዲት አሮጊት መንገዱ መሐል ቆማ ዣንጥላዋን አነሳች። ዳር አይደለም፤ መሐል። ፍሬን ያዝኩ። አሮጊቷ በቀኙ መስኮት ጎንበስ አለች። እናቴ ናት። ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ አውቶቡሱ ጥሏት ሄዷል።

"ፈድሊያ?" አለች። ዓይኗ ከእኔ ወደ መሪው፣ ከመሪው ወደ ባሌ ሄደ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ቲጃኒ ወርዷል። በሩን ይዞ፣ አማቱ ናትና አንገቱን ደፍቶ፣ "ይግቡ፤ እኔ በእግሬ እደርሳለሁ" አለ። አዲሱ ጫማው ቀዩ ጭቃ ውስጥ ተነክሯል። ምን ልበል? እናቴ ናት። ገባች፤ ስኳሩን ታቅፋ ተቀመጠች። ነዳሁ። በመስታወቱ አየሁት፤ ቆሞ እጁን ያውለበልብልናል፤ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ያኔ እንባዬ መጣ።

"ምን ሆንሽ?" አለች እናቴ።

"ምንም!" አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። አምባሩን፣ ጥርሱን፣ ሠርጉን፣ ስብሰባውን፤ ከጎኑ ተቀምጬ ደጇ ልደርስ እንዴት እንደጓጓሁ። "አሥራ አንድ ዓመት ዝም ስትዪኝ ኖርሽ፤ አንድ ቀን አብረን እንድታዪን ብዬ ነው" አልኳት። ይህን ያልኩበትን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ምናልባት መሪ መያዝ ሰውን እንዲህ ያደርገው ይሆናል።

 እናቴ ዳሽቦርዱን በዣንጥላዋ መታ መታ አደረገች።

"አቁሚ።"

"ምን ሆነሻል?"

"አቁሚ አልኩሽ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።" አቆምኩ። በሩን ራሷ ታግላ ከፈተችው። "የኔ ቤት ያ ጉብታው ጋ ነው፤ እግርም አላጣሁ። እኔ መርፌ ነው ብዬ የናቅሁት ሰው አዲስ ጫማውን ጭቃ ውስጥ አድርጎ አስቀመጠኝ። ሂጂና ባልሽን አምጪው። ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፤ አብራችሁ ስትገቡ ልያችሁ።"

ስኳሩን ይዛ ሄደች። ከባሌ ሌላ ያንን ወንበር ሳይጠየቅ የለቀቀ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። መኪናዋን አዞርኳት፤ እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም።

ቲጃኒ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን በቅጠል ይጠርጋል። ብቻውን አልነበረም። አውራ ዶሮ የታቀፈ ሰውዬ አጠገቡ ቆሟል። ገና ስቆም ሰውዬው ቀድሞ ሮጠና የቀኙን በር እጀታ ያዘ።

"እህቴ፣ ሊሙ ድረስ ብቻ! ዶሮው አይረብሽም፤ ይኸን ወንድሜን ጠይቂው፣ ሲያየው ቆይቷል።"

 ባሌን አየሁት። ቲጃኒ ሰውዬውን አየ፣ ዶሮውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፤ እንባዬ ገና አልደረቀም። አፉ ተከፈተ። ያቺን "እሺ" አሥራ አንድ ዓመት አውቃታለሁ፣ ስትመጣ ከንፈሩ ላይ ትታየኛለች። መሪውን ጨበጥኩት።

"አይሆንም" አለ ቲጃኒ። "ቦታው ተይዟል ወንድሜ።"

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ባዶውን ወንበር አየ። "በማን?"

"በእኔ" አለ ባሌ። እጀታውን ከሰውዬው እጅ ተቀብሎ ገባና በሩን ጥብቅ አድርጎ ዘጋው።