የሽልምጥማጧ በር

ጉዲቱ ያን ቀን ስትወጣ ስትገባ ያያት ሰው ድግስ ያለባት ይመስለው ነበር። ያለባት ግን ጣሪያ ነው። ከጨርቁ ኮርኒስ በላይ አንድ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲንጎዳጎድ ሰንብቶ፣ ድምፁ ከቀበሌው ጥበቃ ከመርዳሳ ጆሮ ደረሰ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ናዝሬት ውስጥ ጣሪያ ላይ ኮቴ ተሰማ ማለት ደግሞ የተደበቀ ሰው አለ ማለት ነው።

«ማንን ነው የደበቃችሁት?» አላት መርዳሳ ማለዳ በሯ ላይ ቆሞ።

«አውሬ ነው፣ ጓድ መርዳሳ! ሽልምጥማጥ ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲያው የገባበትን አሳዪኝ። ሊቀመንበሩ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እስከዚያ ካላገኘሽው ኮርኒሱ ይወርዳል።» ይህን ብሎ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ደጃፏ ላይ ተቀመጠ።

የተደበቀ ሰውስ የለም። ኮርኒሱ ላይ ያለው ሳጥን ነው፤ መንግሥት የዘጋው ቤተ ክርስቲያናቸው መጽሐፍ ቅዱሶችና የመዝሙር ደብተሮች የታጨቁበት ሳጥን። ባሏ ቀነዓ ከቤተ ክርስቲያኑ ወንድሞች ጋር ያስቀመጠው አምና፣ እሷ ሁሩታ ሄዳ እናቷን ስታስታምም ነበር። በየት እንዳስገቡት አልነገራት፤ እሷም አልጠየቀችም። ዛሬ ደግሞ ቀነዓ እህል ሊጭን ደራ ሄዷል። ሳጥኑ ከተገኘ ከነመኪናው አስቁመው እንደሚወስዱት ታውቃለች፤ በዚያ ዘመን የተወሰደ ሁሉ ደግሞ አይመለስም።

ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረችው። በግንባሯ ተደፍታ መሠረቱን ዳበሰች፣ ወንበር ላይ ወጥታ መስኮቱን ፈተሸች። ጣት የምታስገባ ቀዳዳ እንኳ አጣች። ግድግዳውን የመረገውን ኢተፋን ሳምንቱን ሙሉ ስትረግመው ሰንብታ ነበር፤ ለካ ሰውዬው ምንም አላጠፋም!

አምስት ሰዓት ሲሆን ጎረቤቷ ሀጂራ፣ የባለሱቁ የአብዱናሲር ሚስት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። ጉዲቱ ክው አለች። ሀጂራ ደግ ሴት ናት፤ አፏ ግን አያርፍም። ሳጥኑን ያወቀች ቀን ወሬው ገበያ ድረስ ይሰማል ብላ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሸሻት ነው የኖረችው።

«ቀይዋን ዶሮዬን የበላት እሱ ነው!» አለች ሀጂራ። «በዓይን ፈልገሽማ አታገኚውም። በርበሬ አጭሺበት። ጭሱ በወጣበት እሱም ይገባል።»

ጉዲቱ ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ አልነበራትም። በገል ላይ ፍም አድርጋ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ፣ የኮርኒሱን ጥግ ከምስማሩ አላቀቀችና እፍኝ ሙሉ በርበሬ ፍሙ ላይ በተነች። በሰፌድ እያራገበች ጭሱን ወደ ላይ ሰደደችው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ታፈነ። መርዳሳ ደጃፉ ላይ ሰባት ጊዜ አነጠሰ።

«ወጣ! ወጣ!» ብላ ጮኸች ሀጂራ። «በኔ ግቢ በኩል ነው! ነይ እዪ!»

ጉዲቱ ፍሙን ይዛ ወርዳ ውኃ ደፋችበትና በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ በረረች። ጭሱ ከሷ ግቢ ከማይታየው የጣሪያው የጀርባ ጥግ ይትጎለጎላል። ቆርቆሮው ተቆልምሟል። ነፋስ ያነሳው አልነበረም፤ ምስማሩን ሰው በጉጠት ነቅሎታል። ያን ጊዜ ገባት። ሳጥኑን ያስገቡት የገዛ የእምነት ወንድሞቿ መልሰው መቸንከሩን ረስተውታል! በየሳምንቱ ሳሎኗ ተሰብስበው በሹክሹክታ «ጌታ ሆይ፣ በራችንን ጠብቅ» ሲሉ ይህኛው በር ትዝ ያለው አንድም ሰው የለም።

ወዲያው ረጅም ጭራ ያላት ዝንጉርጉር ሽልምጥማጥ ልጇን በአፏ ነክሳ ከጭሱ ውስጥ ተወርውራ ወጣች፤ ከቆርቆሮው ላይ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ መንገዱ።

«ያዟት!» አለ መርዳሳ። እሱም ባለፈው ወር ሁለት ዶሮ ተበልቶበታል። አብዮት ጥበቃነቱን ረስቶ ጠመንጃውን እንደ ዱላ እያወዛወዘ ሲሮጥ ሰፈሩ በሙሉ እየጮኸ ተከተለው።

በሩን የሚጠብቅ ጠፋ። ሳጥኑን ለማውጣት ጊዜው አሁን ነው፤ ግን ሀጂራ አጠገቧ ቆማለች። «እትዬ ሀጂራ፣» አለች ጉዲቱ ወደ ጣሪያው እያሳየች፣ «እዚያ ላይ የኛ...»

ሀጂራ አላስጨረሰቻትም። ከሱቁ ጀርባ መሰላል እየጎተተች መጥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ጉዲቱ ወጣች። መጻሕፍቱን እያወጣች ቁልቁል ታቀብላለች፣ ሀጂራ በሻሿ እየጠቀለለች ጓዳዋ ታስገባለች። ባዶውን ሳጥን እንኳ አልተዉትም።

ሊቀመንበሩ በስምንት ሰዓት መጡ። መርዳሳ አውሬዋን በዓይኑ እንዳየ እየማለ ቢነግራቸውም ኮርኒሱን አስወረዱት። ኮፍያቸው ላይ የወረደው አጥንትና ቀይ ላባ ነው። «ወይኔ ዶሮዬ!» ብላ ሀጂራ ጩኸቷን ስታቀልጠው ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን እያራገፉ ወጡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ጉዲቱ ጠየቀቻት። «ሳጥን እንዳለ በምን አወቅሽ?»

«ቀነዓ አምና ሲያስገባው በምን የወጣ መሰለሽ?» አለች ሀጂራ መሰላሉን አንስታ። «በዚሁ ነው። ከታች ሆኜ የያዝኩለትም እኔ ነኝ።»